ብራችሁን ሁሉ አዲስ አበባ ላይ አትከምሩ

ወገኖች፣ የቤት ኪራይ በናረ ቁጥር ከገጠር የመጣውን ልጅ መርገም ተዉ። እሱ ሒሳቡን በትክክል ነው የሠራው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብታችሁ እዩ፦ አንዱ አሮጌ በርሜል ይዘረጋል፣ ጎረቤቱ ይቆርጣል፣ ሦስተኛው ምድጃ አድርጎ ይሸጣል። እንዲህ ያለ የሥራ ክፍፍል የሚኖረው ገዢውም፣ ባለሙያውም፣ ቁርጥራጭ ብረቱም አንድ ቦታ ሲበዛ ነው። ትንሽ ከተማ ላይ ያው ሰው ሦስቱንም ብቻውን ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ ለፍቶም የሚያወጣው ጥቂት ነው።

ጥፋቱ ሌላ ጋ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አዲስ አበባ 2,739,551 ሰው ሲኖራት፣ ሁለተኛዋ ድሬዳዋ 233 ሺህ ገደማ ነበራት፤ ወደ 12 እጥፍ መሆኑ ነው። በብዙ አገር ሁለተኛው ከተማ የመጀመሪያውን ግማሽ፣ ሦስተኛው ሲሶውን ያህላል። በዚያ ልክ ቢሆን ድሬዳዋ 1.37 ሚሊዮን ሰው በኖራት ነበር። ልኩ የማይጣስ ሕግ አይደለም፤ 12 እጥፍ ግን ዝም የሚባል አይደለም።

ክፍተቱን የምናሰፋው እኛው ነን። ጎንደር የነገደው፣ ጅማ ቡና የሸጠው፣ ዋሽንግተን ታክሲ የነዳው ያጠራቀመውን አዲስ አበባ፣ አያት ወይም ሲኤምሲ ሰፈር፣ አፓርታማ ገዝቶ ይቆልፍበታል። የተቆለፈ ቤት፣ ከጥበቃው በቀር፣ ማንን ይቀጥራል? ደመወዝተኛው ከከተማው ዳር ወደ ቱሉ ዲምቱ ይገፋል፤ ከተማው በትልቅነቱ ያተረፈለትን ታክሲ ሰልፍ ላይ ይጨርሰዋል።

«ፋብሪካው ክልል ይሂድ» ብቻ ማለትም አይበቃም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ሼዱ፣ ማለትም የፋብሪካው አዳራሽ፣ ከሠራተኛው መኖሪያ ቀድሞ ነበር። ወጣት ሴቶች አንድ ክፍል ለብዙ ተከራዩ፤ ኪራዩና ምግቡ ደመወዛቸውን ሲጨርሰው ብዙዎቹ ለቀው ሄዱ፣ ፋብሪካውም አዲስ ሰው ማሠልጠን ላይ ወደቀ።

ገንዘብ ያላችሁ፣ እንደ ሐዋሳ ፋብሪካ ባለበት የክልል ከተማ የሚከራይ ክፍል ሥሩ። መሬት ከመያዛችሁ በፊት ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሌላ ቆጣሪ ይችል እንደሆነ፣ የማታ ፈረቃ ሲያልቅ ሰርቪስ በዚያ ያልፍ እንደሆነ ጠይቁ። ኪራዩን ከደመወዝ ተነሥታችሁ አስሉ፦ ለምሳሌ 4,000 ብር ለሚያገኝ ሰው ከሩቡ አይብለጥ፤ ሁለት ሰው በክፍል ሲኖር 2,000፣ 12 ክፍል በወር 24,000 ብር ይሆናል። በዚህ ገቢ ግንባታው አላዋጣ ካለ ሴራሚኩንና ኮርኒሱን ቀንሱ፤ የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶውን ግን አትንኩ።