ማድ ቤቱን ያፈረሰ እድሳት

ዋሽንግተን ዲሲ ፔትዎርዝ ሰፈር ተያይዘው የተሠሩት የሸክላ ቤቶች ብዙዎቹ መቶ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ኩሽናቸው ከኋላ በኩል የተወሸቀ ጠባብ ክፍል ነው። የማውቃቸው አበሾች እንዲህ ያለ ቤት ሲገዙ አስቀድመው የሚያፈርሱት የኩሽናውን ግድግዳ ነው። ፈረንጁ ጎረቤታቸው ግን ግድግዳውን ሳይነካ ኩሽናውን አሮጌ ለማስመሰል ገንዘቡን ያፈሰዋል፦ የእንጨት ካቢኔት፣ ጥልቅ ነጭ ሲንክ፣ የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1904 ሲከፈት ጣቢያዎቹ የለበሱት ዓይነት ነጭ ሴራሚክ። ፍሪጁ ሳይቀር የእንጨት በር ይገጠምለታል!

ከፊሉ ቅንጦት ነው። ሆኖም ቤቱ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ሳይጠይቁ መዶሻ አለማንሳታቸው ያስቀናል።

አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ቪላ ሲታደስ መጀመሪያ የሚሄደው ከጓሮ ያለው ማድ ቤት ነው። በምትኩ ከሳሎኑ ጋር የተገናኘ ክፍት ኩሽና ይገባል። የቁሌቱ ሽታ ሶፋውና መጋረጃው ላይ ሲቀር ጊዜ ደግሞ ከጓሮ በቆርቆሮ ሌላ ማድ ቤት ይቀጠላል፤ ያማረው ኩሽና ለእንግዳ ዓይን ይቀራል። እዚህ ዋሽንግተንም ያው ነን። ግድግዳ አፍርሰን ስናበቃ ምጣዱን ቤዝመንት እናወርደዋለን፣ ወይ ጋራዥ እንከተዋለን።

ለነገሩ ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቀው የጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ፣ ማውንት ቨርነን፣ ኩሽናው ለብቻው የቆመ ቤት ነው፤ እሳቱ፣ ሙቀቱና ሽታው ከዋናው ቤት እንዲርቅ። እዚያ ምድጃ ሥር ይውሉ የነበሩት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። በእኛም ማድ ቤት ጭሱን ትጠጣ የነበረችው የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ባለቤቶቹ ሳሎን ነበሩ። ስለዚህ የድሮው ይጠበቅ ስል ከነጭሱ ማለቴ አይደለም።

ማውንት ቨርነን ላይ የወደድኩት ኩሽናውን ከዋናው ቤት ጋር የሚያገናኘውን ጣሪያ ያለው መተላለፊያ ነው። የድሮ ቪላ የሚያድስ ሰው ቢያማክረኝ፣ ማድ ቤቱን እዚያው ጓሮ ላይ ጥሩ አድርገህ ሥራው እለዋለሁ፦ ሰፊ መስኮት፣ ደህና ጭስ ማውጫ፣ የቧንቧ ውኃ፣ ለምጣዱ የሚበቃ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ክረምት ላይ ድስት ይዞ ለሚመላለሰውም ጣሪያ ያለው መተላለፊያ። ሴራሚኩን ከዚያ በኋላ ይምረጥ።