ለሳይንስ ፊክሽን ጀማሪ የቱ ይሰጠው? ዌልስ ወይስ «ዱን»?

ክላሲክ ሳይንስ ፊክሽን አንብቦ የማያውቅ ሰው ከየት ይጀምር? ሁለት አንባቢዎች አልተስማሙም።

የዌልስ ወገን፦ እኔ ያለ ማመንታት የኤች ጂ ዌልስን «ዘ ታይም ማሽን» እላለሁ። በፈረንጆቹ 1895 የወጣ ነው፣ መቶ ገጽ ገደማ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። አንድ ሰው በጊዜ ውስጥ የሚያጓጉዝ ማሽን ላይ ወጥቶ እስከ 802,701 ዓ.ም ይሄዳል። እዚያ ፍራፍሬ እየበሉ ሲጫወቱ የሚውሉ ኤሎይ የሚባሉ ፍጥረቶች አሉ፤ ከመሬት በታች ደግሞ ማሽን የሚያንቀሳቅሱት ሞርሎኮች፣ ማታ ማታ ወጥተው ኤሎዮቹን የሚበሉ። የሀብታምና የሠራተኛ ልዩነት ያን ያህል ዘመን ከቀጠለ መጨረሻው ይሄ ነው ይልሃል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

የዱን ወገን፦ ሰው እፈልጋለኋ እህቴ! ከኤሎዮቹ በስም የምናውቀው ዊናን ብቻ ነው፣ ተጓዡ ራሱ እንኳ ስም የለውም። የፍራንክ ኸርበርትን «ዱን» እይ፣ የ1965 ነው (ፊልሙን አይቻለሁ የምትሉ፣ አይቆጠርም)። ታሪኩ በረሃማ ፕላኔት ላይ ነው፤ የበረሃው ሰው ስቲልጋር ገዢው መስፍን፣ ዱኩ ፊት ጠረጴዛው ላይ ይተፋል። የዱኩ ሰዎች ስድብ መስሏቸው ሊነሱበት ሲሉ ከእነሱው አንዱ፣ አይዳሆ፣ ያስቆማቸዋል፤ ለካ ውሃ በሌለበት አገር ምራቅ ስጦታ ነው። አይዳሆም አመስግኖ በተራው ይተፋል። በአንዲት ምራቅ የአገሩን ኑሮ በሙሉ ትረጂዋለሽ።

የዌልስ ወገን፦ ትዕይንቱ ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ግን እዚያ እስኪደረስ? ከኋላው መዝገበ ቃላት የተለጠፈበት፣ ከአራት መቶ ገጽ በላይ የሆነ ልብ ወለድ ለጀማሪ ይሰጣል? ስንቱ ነው ጀምሮት መደርደሪያ ላይ አቧራ እያስጠጣ ያለው። የእኔ ደግሞ የቅጂ መብቱ ስላለቀ ማንም ስልኩ ላይ በነጻ ያወርደዋል፣ ያውም በሕጋዊ መንገድ።

የዱን ወገን፦ ነጻ መሆኑማ ጥሩ፣ ግን ነጻም ሆኖ ካልተነበበ ምን ዋጋ አለው። «ዱን» ላይ መጀመሪያ ግራ ብትጋቢ ዋናው ገጸ ባሕርይ ፖልም ለፕላኔቱ እንግዳ ነው፣ አብረሽው ትለምጃለሽ። የአንቺው ዌልስ ግን ሲጀምር እራት የበሉ ሰዎች ተቀምጠው ስለ አራተኛው ዳይሜንሽን፣ ማለትም ስለ ጊዜ፣ ይከራከራሉ። ጀማሪውን የሚያስተኛው እሱ ነው።

የዌልስ ወገን፦ ታዲያ እሷን ምዕራፍ ይዝለላት!

የዱን ወገን፦ ገና ሲጀመር «ዝለል» የሚባልበት መጽሐፍ ነው እንግዲህ መጀመሪያ የሚሰጠው?