ጀልባው ይቆይ፣ ፎቶው ይቅደም

ባለፈው እሁድ ጎርጎራ ወደብ ላይ አንዲት ጀልባ ሃያ ደቂቃ ያህል ባሕሩ ላይ ስትዞር ቆየች። ሞተሯ አልተበላሸም፤ ነዳጅም አላለቀባትም። ሰውና ጆንያ ጭናለች፤ ወደ መድረኩ ተጠግታ ማራገፍ ብቻ ነው የቀራት። ግን የምትጠጋበት ቦታ ተይዟል። ሙሽሪት ቬሎዋን ጫፉ ላይ ዘርግታለች፤ ሚዜዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ካሜራማኑ በሆዱ ተኝቷል፤ ከኋላ ሌላ ሠርግ ወረፋ ይዟል። ጀልበኛው «ኧረ ልጆች፣ ገለል በሉልን!» ብሎ ቢጮህ አንዱ ሚዜ በፍጹም ትሕትና ምን አለው? «ጋሼ፣ ትንሽ ወደዚያ ፈቀቅ ይበሉልን፣ ፍሬም ውስጥ ገብተዋል።»

ደግ አደረገ። ወደብ የጀልባ ነው የሚል አስተሳሰብ ይዘን ስንት ዘመን በከንቱ ኖርን! የደንቢያ ሰው ጣናን «ባሕር» እያለ ሲጠራ ዓሣ ሊያወጣበት፣ እህል ሊያሻግርበት፣ ገዳም ሊሳለምበት ብቻ ነበር ያሰበው። የሚያውቅ ትውልድ መጣና ነገሩ ተገለጠ፦ ወደብ ማለት ወደ ውሃው ገባ ብሎ የቆመ፣ ከጀርባው ሰማይ ያለበት፣ ሰው ጫፉ ላይ ቆሞ አገጩን ቀና የሚያደርግበት ቦታ ነው። ጀልባም ካለ መልካም፤ ቀለሙ ከሚዜዎቹ ልብስ ጋር እስከሄደ ድረስ።

ጎንደር ለፎቶ ደኽይታ አይደለም። የፋሲል ግንብ አለ፣ ጃንተከል ዋርካ አለ፣ ቀሃ ያለው የፋሲል መዋኛ አለ። ግንቡ ግን የሁሉም ሰው አልበም ውስጥ አለ፤ መዋኛውም በውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። ስለዚህ ጥምቀት አልፎ የሠርጉ ወቅት ሲደራ ሚኒባስ ተኮናትሮ፣ አዘዞ ላይ ተገንጥሎ፣ ቆላ ድባን አልፎ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። ጎርጎራ ሲደረስ ደብረ ሲና ማርያም ከነ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎቿ እዚያው አጠገብ ቆማለች። ማን ዞር ብሎ አየ? ሥዕል ላይ ፖዝ አይሠራም። ቀጥታ ወደ መድረኩ፣ ከዚያ «ውቅያኖስ ዳር» ተብሎ ይለጠፋል።

ይህን ያስተማሩን ለበዓል የሚመጡት የባሕር ማዶ ዘመዶቻችን ናቸው፤ ውለታቸውን አንክድም። ታውቋቸዋላችሁ። ቡና ተፈልቶ ጭሱ ሳይወጣ ስልኩ ይወጣል። የካሊፎርኒያን ዳርቻ ከላይ እስከ ታች በመኪና ወርደው፣ ያገኙትን ፒር ሁሉ አንድ ባንድ አንስተውታል። ፒር የሚሉት በእንጨት፣ በብረት ወይም በኮንክሪት ምሰሶ ቆሞ ከዳርቻው ወደ ውሃው የሚዘልቀውን መድረክ ነው። አቦል ላይ ሳንታ ሞኒካ፣ ቶና ላይ ማንሃታን ቢች፣ በረካ ላይ ሀንቲንግተን ቢች። ከአንዱ ምሰሶ የሌላው ምሰሶ በምን እንደሚለይ የጠየቀ ሰው ቡናው እንደገና ይወቀጥለታል።

ሐቁን እንናገር ካልን፣ እዚያ ማዶ ይህን ነገር ሙያ ያደረጉት ሰዎች የሚያነሱትን ያውቁታል። የውቅያኖስ ውሃ በአብዛኛው ዳርቻ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ «ታይድ» ይሉታል፤ እነሱም የሰዓቱን ሰንጠረዥ ሳያዩ ከቤት አይወጡም። ሲጎድል አሸዋው ላይ ወርደው ምሰሶዎቹን ከሥር ያነሳሉ። ከላይ ሆነው ከማንሳት ይህን የሚመርጡት ያለምክንያት አይደለም፤ ሰው በተራመደ ቁጥር ጣውላው ይንቀጠቀጣል፣ ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያም አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ካሜራው ለጥቂት ሰከንድ ተከፍቶ እንዲቆይ የፈለገ ሰው የሚያገኘው ጭጋግ ነው። ጨው ያለው ፍንጣቂ ሌንስ ላይ ስለሚደርቅ በየጊዜው ይጠርጋሉ። ሳን ዲዬጎ አጠገብ ላሆያ በሚገኘው የስክሪፕስ ፒር ፀሐይ በምሰሶዎቹ መሀል ቀጥ ብላ የምትጠልቀው በዓመት ሁለት ሰሞን ብቻ፣ በፈረንጆቹ ሜይና ኦገስት መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ ቀኑን ቆጥረው ይሄዳሉ። እንግሊዝ አገር ሳውዝኤንድ ያለው ፒር ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ለታይታ አይደለም፤ ውሃው ሲጎድል ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጭቃ ስለሚገለጥ መርከብ ዳር መድረስ አይችልም ነበር። የብራይተኑ ምዕራብ ፒር ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ በ1866 ተከፈተ፣ በ1975 ተዘጋ፣ በ2003 እሳት በላው፤ ዛሬ ፎቶ የሚነሳው ባሕሩ ላይ የቀረው አጽሙ ነው።

ጣና ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። በቀን አይሞላም፣ በቀን አይጎድልም። ሰኔ ገደማ ዝቅ ይላል፣ ክረምቱ ሲወጣ ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ሆኖም በቀደም ዕለት አንድ ጎበዝ ዓሣ አጥማጁን «ታይዱ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚመለሰው?» አለው። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሳይለቅ መለሰለት፦ «መስከረም።»

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ግን ፀሐይ ጨባጮችን ነው። እጃቸውን ዘርግተው፣ የምትጠልቀውን ፀሐይ መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው የሚነሱትን። ሥራው ቀላል የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ነው። ፀሐይ ከምድር ስትታይ ስፋቷ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው፤ ክንድን ዘርግቶ በትንሿ ጣት ጥፍር መጋረድ ይቻላል። ስለዚህ ካሜራው ከሙሽሪት እጅ 2 ሜትር ርቆ ከቆመ፣ መዳፏ ላይ የምትቀመጠው ፀሐይ 2 ሴንቲ ሜትር አትሞላም፤ ከአንድ ብር ሳንቲም ታንሳለች። ለሳንቲም ብሎ ማን ቬሎ ይከራያል? መዳፍ የምትሞላ፣ ብርቱካን የምታክል፣ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነች ፀሐይ ከተፈለገ ካሜራማኑ 7 ሜትር ተኩል ወደ ኋላ መሄድ አለበት። አሁን እነዚያን 7 ሜትር ተኩል ወደቡ ላይ ዘርጓቸው። በዚያ መሀል ሰው ማለፍ የለበትም። ዓሣ በገመድ ያንጠለጠለው ልጅ ይቆማል፤ ዘንቢል የያዙት እናት ይቆማሉ፤ ከገዳም የተመለሱት አባት መቋሚያቸውን ተደግፈው ይቆማሉ።

ከዚያ ሦስተኛ ሰው ይመጣል፤ አዛዡ። «ከፍ! አሁን ዝቅ! ወደ ግራ፤ የኔን ግራ አይደለም፣ ያንቺን ግራ! ጣትሽን ሰብሰብ! ፈገግታውን አትርሺ!» ካሜራው 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ከተንቀሳቀሰ ፀሐይዋም ከመዳፏ 3 ሴንቲ ሜትር ትንሸራተታለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ንፋስ ይነሳል፣ ካሜራማኑ ይወዛወዛል፣ ቬሎው ይነፋል፣ ፀሐይ መዳፏን ለቃ ክርኗ ላይ ትወጣለች። እንደገና! ፀሐይም የሚዜ ትእዛዝ አትሰማም፤ በሁለት ደቂቃ ገደማ የራሷን ስፋት ያህል ትወርዳለች። ይህ ማለት መዳፍም በየሁለት ደቂቃው 7 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ከትከሻ የጀመረች እጅ ሩብ ሰዓት ሲሞላት ወገብ ላይ ትደርሳለች። ወደ መጨረሻው ሙሽሪት ጎንበስ ብላ፣ ፀሐይዋን እንደ ጥምቀት ሎሚ ከመሬት የምትለቅም ትመስላለች። ሙሽራው ደግሞ «እኔስ?» ይላል። እሱም ይጨብጥ እንጂ። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ላይ፣ በሁለት እጅ፣ በልብ ቅርጽ። ከዚያ የሙሽራው እህት፣ ከውጭ ድረስ መጥታለችና። ከዚያ ሕፃኑ፤ ሕፃኑ ግን ፀሐይ የት እንዳለች አይገባውም፣ ያለቅሳል። ጀልባዋ አሁንም ትዞራለች።

ፎቶው ወጥቶ ሲታይ ፀሐይዋ አምራለች፣ ሙሽሪት ግን ከሰል ሆናለች። ፊቷን ለማሳየት ብርሃኑን ከፍ ሲያደርጉት ደግሞ ፀሐይዋ የተቀቀለ እንቁላል። ስልኩ ምን ያድርግ? አንዱን መምረጥ አለበት። ስክሪኑ ላይ ጣትን ከፀሐይዋ ጠርዝ አጠገብ ተጭኖ ብርሃኑን መቆለፍ፣ ወደ ታች መሳብ፣ ነጭ ነጠላ በሙሽሪት ፊት ለፊት፣ ከፍሬሙ ውጭ ዘርግቶ ብርሃኑን ፊቷ ላይ መመለስ ነው። የስልክ ፍላሽ 7 ሜትር ተኩል ተጉዞ ፊት አያበራም፤ በመንገድ ላይ ያለችውን ትንኝ ግን አሳምሮ ያነሳል። ጥር ላይ ፀሐይ የምትገባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ በደቡብ ምዕራብ ነው። ጎርጎራ የባሕሩ ሰሜን ዳር ስለሆነች ያኔ ውሃው ያግዛል፤ ሰኔ ላይ የሚሄድ ሰው ግን ፀሐዩን በሰሜን ምዕራብ፣ ከውሃው ርቃ ያገኛታል። ይህን የነገረው ሰው ቢኖር ያ ሁሉ የሰኔ ጭቃ ባልተረገጠ።

አድማሱን አግድም ስለሚያዘነብሉት አላወራም። በእነሱ ፎቶ ጣና ወደ ሱዳን ሊፈስ ይደርሳል። ስልኩ ላይ መስመር የሚያወጣ ማብሪያ አለ፤ ይኸው ነው።

ታንኳ ላይ ቆመው የሚነሱትም ክብር ይገባቸዋል። ታንኳ የደንገል እስር ነው፤ ባለቤቱ ደንገል ላይ ተቀምጦ የሚቀዝፈው ሲቆም ክብደቱ ወደ ላይ ወጥቶ እንደሚገለብጠው ስለሚያውቅ ነው። ደንገሉም ውሃ ይጠጣል፣ እየቆየ ይከብዳል፣ ወጥቶ መድረቅ አለበት። ሊደርቅ ዳር የተቀመጠውን ታንኳ ገፍቶ አስገብቶ፣ ላዩ ላይ ቆሞ እጅን እንደ ንስር የሚዘረጋ ሰው እርጥብ ነገር ላይ ምን ያህል እምነት እንዳለው ያሳያል። ጀልባ የሚታሰርበት ምሰሶ ላይ እግሯን አነባብራ የምትቀመጠዋም እንዲሁ፤ ገመዱ ሲወጠር እግር ከምሰሶ አይለይም።

ደግሞ ያቺ ሐምራዊ አበባ። ከጆሮ ኋላ ተሰክታ፣ «ተፈጥሮ» ተብላ፣ አረንጓዴ ምንጣፍ ላይ ተቁሞ። ምንጣፉ እምቦጭ ነው! ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ባሕር ያነቀው እምቦጭ! የደንቢያ ገበሬ እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ በእጁ እየነቀለ ያወጣው፣ ዓሣ አጥማጁ መረቡን የቀማው፣ ከብት ውሃ እንዳይጠጣ የዘጋ። አበባውን ቀንጥሳችሁ፣ ተነስታችሁ ስታበቁ ግንዱን መልሳችሁ ባሕሩ ላይ የምትወረውሩ፣ ምን እንደምትዘሩ ታውቃላችሁ? ቁራጭ ግንድ ይበቃዋል፤ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይነሳል። እጃችሁን ሰብስቡ። ጽጌረዳ የሚሸጥ ጠፍቶ ነው?

ወደ ምስጋናው እንመለስ። ስልክ ባሕሩ ላይ መጣልም የወደቡ ሥርዓት አካል ሆኗል። የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ አዛዡ «ስጠኝ፣ እኔ ላንሳው» ሲል፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ነው። ዳሩ ላይ ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ አንድ የመንደር ልጅ ጠልቆ ያወጣዋል። ቶሎ ማጥፋት፣ ሲሙን ማውጣት፣ በጨርቅ መጥረግ፣ የቻርጀሩን ቀዳዳ ወደ ታች አድርጎ ንፋስ ላይ ማቆም፣ አንድ ሁለት ቀን ቻርጅ አለማድረግ ነበር የሚሻለው። ግን ኢንተርኔት ላይ «ሩዝ ውስጥ ቅበሩት» ይላል፤ የጎንደር ቤት ደግሞ ሩዝ ቢጠፋ ጤፍ አይጠፋም። ጤፍ ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ እርጥብ የቻርጀር ቀዳዳ ስታገኝ ተጋፍታ ትገባለች፣ የውሃውን ርጥበት ጠጥታ ታብጣለች፣ እዚያው ትጣበቃለች። ቤት ውስጥ በመርፌ ሲለቅሟት የቀዳዳው ጥርስ ይጎብጣል። ያኔ ወደ ስልክ ጠጋኙ ይኬዳል። ጠጋኙ መነጽሩን አድርጎ፣ መብራቱን አስጠግቶ፣ ቀዳዳውን ገልመጥ ያደርግና፦

«ማኛ ነው ሠርገኛ?»

«ኧረ ሚዜ ነበርኩ።»