ሙሽራው ዲጄ

ሰሞኑን ሰርግ ተጠርቶ ጆሮው ውስጥ ፉጨት ሳይዝ ወደ ቤቱ የተመለሰ ካለ እጁን ያውጣ። የለም አይደል? እንግዲያውስ ለዘመኑ ተንቀሳቃሽ ዲጄ የሚገባውን ምስጋና አብረን እናቅርብ። እኔን ለዚህ ያነሣሣኝ ባለፈው ቅዳሜ ያስደነሰን፣ ይቅርታ፣ ያደነቆረን ባለሙያ ነው።

መጀመሪያ ከወሬ ስለገላገለን ይመስገን። ከስንት ዘመን በኋላ ያገኘሁት ዘመዴ አጠገቤ ተቀምጦ አንድ ነገር አወራኝ። ሳቅሁለት። ፊቱ ጠቆረ። ለካስ የሚነግረኝ መርዶ ኖሯል።

የሙሽሪትን ስም መጥሪያው ላይ አንብቤው ነበር፤ አሁን ጠፍቶብኛል። የዲጄውን ስም ግን እስክሞት አልረሳውም። በወፍራም ድምፅ አስቀድቶት፣ የገደል ማሚቶ አስጨምሮበት፣ በየዘፈኑ መሐል ያፈነዳዋል። ሙሽሮቹ ሲገቡ ስሙ። ቀለበት ሲያጠልቁ ስሙ። የሙሽሪት አባት እንባ እየተናነቃቸው «ልጆቼ፣ ትዳራችሁን የሚባርክላችሁ…» ሲሉ ስፒከሩ «ዲጄ እገሌ!» ብሎ ሞላላቸው። እኛም «አሜን» አልን። ነገ ልጆቻቸው ቪዲዮውን ከፍተው «እማዬ፣ ያኔ ያገባሽው ዲጄውን ነው እንዴ?» ቢሏት ምን ትመልሳለች? የባሏ ስም የተጠራው አንዴ ነው፤ እሱም ተሳስቶ። እንደኔ ቢሆን የጋብቻ ወረቀቱ ላይም ስሙ በደማቁ ይስፈርለት። የበኩር ልጃቸውም በእሱ ይሰየም። ባልና ሚስቱ የተጣሉ ዕለት ሽማግሌ ሆኖ ይላክ፤ ጠበኞቹ መደማመጥ እንኳ ስለማይችሉ እርቁ ፈጣን ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው፣ የዘፈነው ሰው ስሙ አልተነሣም። ምን ሠሩና!

ሙያውንም አንርሳ። ድምፅ ማስተካከያው ሚክሰር ላይ ያሉት አረንጓዴና ቢጫ መብራቶች የጀማሪ ናቸው፤ የኛው ጀግና የሚኖረው ቀዩ ላይ ነው። ቀዩ የሚበራው ድምፁ ከመሣሪያው አቅም አልፎ መሰንጠቅ ሲጀምር መሆኑን የነገረው የለም፤ ቢነግረውም አይሰማም። ማይኩን ይዞ ስፒከሩ ፊት ይቆምና ሲጥጥጥ ሲልበት ማይኩን ይገላምጠዋል።

ደጋሹስ? ሊቀጥር ሲሄድ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ስፒከር አለህ?» ላፕቶፑ ቢበላሽ ምትክ ይዞ ይመጣ እንደሆን፣ አዳራሹን ቀድሞ ያየው እንደሆን፣ እንዳይጫወቱ የሚፈለጉ ዘፈኖችን ዝርዝር ይቀበል እንደሆን መጠየቅ የንፉግ ወግ ነው። ውል ሲባልማ ሁለቱም ይስቃሉ። ስፒከሩ ይብዛ እንጂ!

ከስፒከሮቹ በአንዱ ሥር ሕፃን ተኝቶ ነበር። እዚህ ላይ አልቀልድም። የአሜሪካው ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኞች ያስቀመጠው የድምፅ ልክ 85 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ነው፤ በ3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዲሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ለዚያውም ለአዋቂ። የውስጥ ጆሮ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። እናትየው ተነሥታ «እባክህ ትንሽ ዝቅ አድርገው» ስትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ደግማ ስትለምነው «ሰርግ እኮ ነው!» ብሎ ጨመረበት። ሰርግ ስለሆነ ልጇ ይደንቁር? በሰው ልጅ ጆሮ ላይ ማን ሾመህ? አጠገቡ ቆመን ያጨበጨብን እኛስ ምን ነክቶን ነው?

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የዲጄው የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ወደ ደጋሹ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ጠየቃቸው። ሰውየው አንዲት ቃል አልሰሙም፤ ነገር ግን ጨዋ ናቸውና ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት ተጨማሪ ሰዓት መፍቀዳቸውን ያወቁት ሒሳብ ሲከፍሉ ነው።