የአይቲ ክፍሎቻችን ኤአይን በድብቅ መጠቀማቸው ይብቃ

ድሬዳዋ ውስጥ የመሥሪያ ቤት የአይቲ ኃላፊዎችን «ቻት ጂፒቲ ትጠቀማላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙዎቹ «አልተፈቀደም» ይሏችኋል። ከሥራቸው ያሉት ልጆች ግን በየቀኑ ይጠቀማሉ። በግል ስልካቸው፣ በግል ኢሜይላቸው፣ ኃላፊው ከክፍሉ ወጣ ሲል። ከከዚራ ሰፈር እስከ ሳቢያን ሰፈር በተለያየ ቢሮ ከሚሠሩ የሙያ ባልደረቦቼ ጋር ሳወራ የምሰማው ይህንኑ ነው። ነገሩ ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ሆኗል።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔን የሚያሰጋኝ ቻት ጂፒቲን የመሰለውን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሲጠቀሙ መደበቁ ነው። በግልጽ፣ በቢሮው አካውንት፣ አለቃ እያወቀው ቢሆን ኖሮ ከዛሬው ችግራችን ግማሹ ይቃለል ነበር።

መጀመሪያ ግን ልጆቹን እንረዳቸው። የከተማችን የአይቲ ክፍል ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ነው። እነዚሁ ሰዎች ጠዋት ፕሪንተር ወረቀት ያዘ ተብለው ይጠራሉ። ረፋድ ላይ ኔትወርክ ጠፋ ተብሎ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘውን ስዊች ሲፈትሹ ታገኟቸዋላችሁ። ከሰዓት ደግሞ ሪፖርት አልወጣም ያለውን የፋይናንስ ክፍል ያስተናግዳሉ። ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) የሚይዙት ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው። ነጻ የንግድ ቀጠናው ነሐሴ 2014 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በከተማዋ የጭነቱም የሰነዱም ሥራ ላይ ተስፋ ተጥሏል። የአይቲ ሠራተኛው ቁጥር ግን በየቢሮው ያው ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ተቀምጧል። ሲስተሙን የሸጠው ድርጅት ስልክ አያነሳም። አጠገብህ ከአንተ የተሻለ የሚያውቅ ሰው የለም።

እንዲህ ባለ ቦታ ላይ የስህተቱን መልእክት ገልብጠህ ስትሰጠው በሰከንዶች ውስጥ ሦስት ምክንያት የሚጠቁምህ መሣሪያ ሲመጣ አልነካም የሚል ማን ነው? ጥቅሙን እኔም አይቼዋለሁ። ሲስተሙ የሠራውን የሚመዘግብበትን፣ ብዙ መቶ መስመር ያለውን ሎግ አንብቦ ችግሩ የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ያሳያል። ማንም ጽፎት የማያውቀውን የሲስተም መመሪያ ያረቅቃል። ለሌሊት የሚሆን ባክአፕ ስክሪፕት፣ ማለትም ቅጂውን በራሱ የሚይዝ አጭር ኮድ፣ ይጽፋል። ይህን ሁሉ ትልልቅ ከተማ ያሉ ቡድኖች ያገኙታል፣ እኛ ደግሞ የባሰ ያስፈልገናል።

ወደ መደበቁ እንምጣ። በወር 20 ዶላር የሚከፈልበትን የቻት ጂፒቲ ፕላስ ለመግዛት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። አብዛኛው ሠራተኛ የለውም። ምን ያደርጋል? አራት አምስት ሆኖ በቴሌግራም ከሚያከፋፍል ሰው አንድ አካውንት ይገዛል። አብረውት የገዙት ሰዎች እነማን እንደሆኑ አያውቅም። በዚያ አካውንት ላይ የጻፈው ሁሉ ግን በስክሪኑ ጎን ተደርድሮ ለሁሉም ይታያል። የመሥሪያ ቤቱ የሰርቨር አድራሻ፣ ኔትወርኩን ከውጭ የሚጠብቀው የፋየርዎል አቀማመጥ፣ አንዳንዴም ረስቶ ያልሰረዘው ፓስወርድ ጭምር። የአይቲ ባለሙያ የሚለጥፈው ሎግ ከሌላው ሠራተኛ ደብዳቤ ይለያል። የቤቱን ቁልፍ የያዘ ነው።

ነጻውን የሚጠቀመውም ከዚህ አላመለጠም። በነጻውም ሆነ በግለሰብ ደረጃ በሚከፈልበት ቻት ጂፒቲ የምትጽፈው ነገር፣ ቅንብሩ ውስጥ ገብተህ ካላጠፋኸው በስተቀር፣ ሞዴሉን፣ ማለትም መልስ የሚሰጠውን የኤአይ ፕሮግራም፣ ለማሠልጠን ሊውል ይችላል። ይህን ማጥፊያ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ማን ይንገረው? ቢሮው አልተፈቀደም ብሎ ነገሩን ዘግቶታል። ያልተፈቀደን ነገር በጥንቃቄ እንዴት እንደሚጠቀሙ የሚያስተምር ሥልጠና ማዘጋጀት ደግሞ አይቻልም።

ይህ ትልልቆቹም ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የሳምሰንግ መሐንዲሶች የኩባንያውን ኮድ ቻት ጂፒቲ ላይ መለጠፋቸው ታወቀ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ሠራተኞቹ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች እንዳይጠቀሙ አገደ። ሳምሰንግ የራሱን ሞዴል የመሥራት አቅም ያለው ድርጅት ነው። ሦስት ሰው ያለው የድሬዳዋ አይቲ ክፍል ግን ቢታገድ የሚሄደው ወደ ስልኩ ነው።

ሌላው የመደበቅ ጉዳት አራሚ ማሳጣቱ ነው። ከየት እንደመጣ ያልተነገረን ሥራ በምን ዓይን ትመረምረዋለህ? እኔ በማውቀው አንድ ቢሮ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ጎበዝ ወጣት የደመወዝ ማስሊያውን እንዲያስተካክል ተሰጠው። በሁለት ቀን ጨርሶ አመጣ። ኮዱ ንጹሕ ነው፣ አይደናቀፍም፣ ማብራሪያው ሁሉ በሥርዓቱ ተጽፏል። አይቲዎቹ አዩት፣ ወደዱት። የሙከራ ወረቀቱን የፋይናንሷ ኃላፊ ዘንድ ወሰዱት። እሷ መነጽሯን አድርጋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆመች።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የድሮው ነው» አለችው።

«አቦ፣ ሲስተሙ በደንብ ነው የሚሠራው» አላት።

ሲስተሙ እንዳለው ይሠራል። የሚሠራው ግን በድሮው የገቢ ግብር ነው። ከግብር ነጻ የሆነውን መነሻ 600 ብር አድርጎታል። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መነሻው 2,000 ብር ሆኗል፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ። ሞዴሉ የተማረው ለዓመታት በኢንተርኔት ላይ ከተከማቸው ጽሑፍ ስለሆነ አሮጌውን ሠንጠረዥ በልበ ሙሉነት አስቀመጠው። 8,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ በአዲሱ ስሌት የሚቆረጥበት ግብር 1,150 ብር ነው። በዚያ ኮድ 1,445 ብር ይቆረጥበት ነበር። በወር 295 ብር ከአንድ ሰው ኪስ። በስንት ሠራተኛ እንደሚባዛ እናንተ አስቡት።

ልጁን የሚወቅስ ሰው ካለ አልስማማም። ቀደም ብሎ «ይህን በኤአይ ነው የጻፍኩት፣ ቁጥሮቹን እዩልኝ» ማለት ቢችል ኖሮ የፋይናንሷ ኃላፊ መጀመሪያውኑ ሠንጠረዡን ትሰጠው ነበር። እንዳይል ያደረገው ክልከላው ነው። ስህተቱን ያገኘችው ደግሞ ኮድ ማንበብ የማትችል፣ ሥራዋን ግን ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት ናት።

የእኛን ነገር እኛው ካላየንለት ሞዴሉ አያይልንም። የመመዝገቢያ ቅጽ ጻፍልኝ ብትለው ብዙ ጊዜ የሚያመጣልህ ስምና የቤተሰብ መጠሪያ የሚጠይቅ ቅጽ ነው። የአባት ስምና የአያት ስም ብለህ ማስተካከል የአንተ ሥራ ነው። ቀን በእኛ አቆጣጠር እንዲቀይር ስታዝዘው ጳጉሜን ሲደርስ የሚፈርስ ኮድ ሊሰጥህ ይችላል። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፣ በየአራት ዓመቱ 6 ትሆናለች፣ ቀጣይዋ በ2019 ነች። ይህን ያልሞከረ ሰው ስህተቱን የሚያገኘው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው።

ፍለጋውም እንዲሁ። ድሬ ውስጥ መሐመድን አንዱ ጸሐፊ «ሙሐመድ»፣ ሌላው «ሙሀመድ» ብሎ ይመዘግበዋል። ፀሐይም በጸሎቱ «ጸ» ተጽፋ ትገኛለች። ድምፃቸው አንድ የሆነ ሞኽሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የማይፈልግ ሲስተም ለአንድ ታካሚ ሁለት ካርድ ያወጣል። ከዚያ ሐኪሙ የትኛውን ያንብብ? አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ በአንድ ሰልፍ በሚነገርባት ከተማ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን የሚያውቁት የእኛ ልጆች ብቻ ናቸው። ለዚህ ነው ሞዴሉ እነሱን ይተካል የሚለውን የማልቀበለው።

ስለ ፍጥነቱም አንድ ነገር ልበል። ኤአይ ሥራን በእጥፍ ያፋጥናል እየተባለ ሲነገር እንሰማለን። ሜትር (METR) የተባለ የምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ልምድ ያላቸውን 16 የኮድ ጸሐፊዎች፣ ለዓመታት በሠሩባቸው ፕሮጀክቶች ላይ ፈትኖ ነበር። በኤአይ ሲሠሩ ሥራው 19 በመቶ የበለጠ ጊዜ ወሰደባቸው። እነሱ ግን 20 በመቶ የፈጠኑ መስሏቸው ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ለሁሉም ሥራ አይሆንም፣ መሣሪያዎቹም ከዚያ ወዲህ ተለውጠዋል። እኔን የገረመኝ በስሜታቸውና በሰዓቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። ስለዚህ ኃላፊዎች «ፈጥነናል» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምተው ሰው አይቀንሱ። ሦስት የነበረውን ቡድን አንድ ካደረጋችሁት፣ በዚህ በድሬ ሙቀት የሰርቨር ክፍሉ ኤሲ ሌሊት ሲቆም ደውላችሁ የምታገኙት ሰው አይኖርም።

በጣም የሚያሳስበኝ አዲስ ተመራቂው ነው። ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከሐረማያ አሁን የሚመጡልን ልጆች የዩኒቨርሲቲ ጊዜያቸውን ያሳለፉት ከኤአይ ጋር ነው። ኮዱን ያመጡታል፣ ለምን እንደሚሠራ ስትጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ። ይህ ስንፍና አይደለም፣ ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳቸውም። አዲስ ሰው የሚበስለው ተሳስቶ፣ ስህተቱን ፈልጎ፣ ከቀደመው ጋር አንድ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ነው። ኤአይውን ተደብቆ የሚጠይቅ ልጅ የቀደመውን መጠየቅ ያቆማል። ሁለት ዓመት ሠርቶም ለብቻው ችግር መፍታት አይችልም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንድ ገጽ መመሪያ ይበቃል። ሃያ ገጽ ከሆነ ማንም አያነበውም። መጀመሪያ የሚጻፈው ኤአይ መጠቀም የተፈቀደ መሆኑ ነው። ቀጥሎ የማይለጠፈው ነገር በግልጽ ይቀመጥ። የደንበኛ ስምና ስልክ፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ የታካሚ መረጃ፣ ፓስወርድ፣ የውስጥ አድራሻ። ሎግ መለጠፍ ካስፈለገ እነዚህ ተሰርዘው ወይም በሌላ ተተክተው ይሁን። ይህ የባለሙያ ምክር ብቻ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ከአገር ስለሚወጣ የግል ዳታም የሚለው አለ። ቢሮው ነገ ሲጠየቅ «ልጆቹ ናቸው በስልካቸው» ብሎ አያመልጥም።

ከዚያ ማስረዳት የማትችለውን ኮድ ሰርቨር ላይ አትጫን የሚል አንድ መስመር ይግባ። በኤአይ የተሠራው ሥራ በኤአይ መሠራቱ ይነገር፣ ሌላ ሰው ያንብበው፣ ገንዘብ ወይም ቀን የነካ ከሆነ የሥራው ባለቤት ያረጋግጠው። ሞዴሉ ራሱ በዋናው ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ላይ ትእዛዝ እንዲያስፈጽም በጭራሽ አይፈቀድለት። እ.ኤ.አ. በ2025 ሬፕሊት በተባለው የኮድ መጻፊያ መድረክ ላይ የኤአይ ረዳቱ፣ ምንም ለውጥ እንዳታደርግ ተብሎ ሳለ፣ የአንድን ተጠቃሚ ዳታቤዝ ሰርዞበታል።

ምስጢር የሚበዛበት መሥሪያ ቤት ሌላም መንገድ አለው። ላማ፣ ጀማና ኩዌን የመሳሰሉ ሞዴሎች በነጻ ወርደው በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ይሠራሉ። ኢንተርኔት ሲቋረጥም አይቆሙም፣ መረጃውም ከግቢ አይወጣም። ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋሉ፣ ትንንሾቹ ደግሞ በአማርኛ ደካማ ናቸው። ሎግ ለማንበብና ስክሪፕት ለመጻፍ ግን ይረዳሉ። ሁለት የከተማችን መሥሪያ ቤቶች አንድ ማሽን ተጋርተው ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

ገንዘቡ የት አለ ለሚለኝ፣ አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የአይቲ ክፍል በየዓመቱ ቶነር፣ ኬብል፣ አንቲቫይረስ ብሎ ጥያቄ ያቀርባል። ዘንድሮ በዚያው ወረቀት ላይ በቢሮው ስም የሚከፈል የኤአይ አካውንትና የሁለት ቀን ሥልጠና ይጨመርበት። የውጭ ምንዛሪውን ለማግኘት ልጆቹ ለየብቻ ከሚንከራተቱ መሥሪያ ቤቱ ከባንኩ ጋር ቢነጋገር ይቀላል። ሥልጠናው ላይ የፋይናንስ፣ የሰው ኃይልና የመዝገብ ቤት ሰዎችም ይጠሩ፣ ምክንያቱም 600 ብሩን ያየችው እዚያ ውስጥ ያለች ሰው ናት።