ሥራ ሁሉ በሊኒየር ይሠራ?

የክርክሩ መነሻ፦ «ሬንደርም ሆነ ኮምፖዚት፣ ሥራ ሁሉ በሊኒየር መሠራት አለበት።» ሬንደር ከ3ዲ ትዕይንት ምስል ማውጣት ነው፤ ኮምፖዚት ምስሎችን ደራርቦ ማዋሃድ፤ ሊኒየር ደግሞ ቁጥሩ ከብርሃኑ መጠን ጋር እኩል የሚያድግበት አሠራር። ኮምፖዚተሯ ትደግፋለች። የሞሽን ግራፊክስ (የሚንቀሳቀስ ጽሑፍና ሥዕል) ዲዛይነሩ ይቃወማል።

ኮምፖዚተሯ፦ አንድ አምፖል በበራበት ክፍል ያንኑ የመሰለ ሌላ ስታበራ፣ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን እጥፍ ይሆናል። ፋይሎቻችን ግን ብርሃኑን በቀጥታ አይመዘግቡትም። ኤችፒና ማይክሮሶፍት በ1996 ያቀረቡት የቀለም መለኪያ፣ ኤስአርጂቢ፣ ቁጥሩን በጋማ፣ ማለትም ጨለማውን በሚዘረጋ ቀመር፣ አጥፎ ነው የሚያስቀምጠው። ከ0 እስከ 255 ባለው ሚዛን 128 ስታይ የብርሃን ግማሽ ይመስልሃል። 21.6 በመቶ ብቻ ነው። ግማሹ ያለው 188 ላይ ነው።

ሁለት መብራቶች እያንዳንዳቸው ግድግዳውን 128 ላይ አደረሱት እንበል። ጋማውን ሳትፈታ ከደመርክ 256 ይመጣልሃል፤ ግድግዳው ይቃጠላል። ፈትተህ፣ ደምረህ፣ መልሰህ ስታጥፈው 176 ገደማ ነው። ስንቱ ሰው ነው ሬንደሩ ሲቃጠልበት መብራት የሚቀንሰው፣ ከዚያ ጥላው ሲጠቁርበት ቦታው ላይ የሌለ መብራት የሚጨምረው! ሕመሙ ሌላ፣ መድኃኒቱ ሌላ።

ዲዛይነሩ፦ እህቴ፣ ሬንደሩ ላይ አልከራከርሽም። ኮምፖዚቱ ላይ ግን ቆይ። ጋማ ስህተት አይደለም። ዓይናችን ጨለማው አካባቢ ያለውን ልዩነት በደንብ ይለያል፤ በ8 ቢት ያሉን ደግሞ 256 እርከኖች ብቻ ናቸው። ጋማ ለጨለማው ብዙ እርከን ይሰጠዋል። በ8 ቢት ሊኒየር ሥሪና ጥላሽ መስመር መስመር ይሠራል።

ጽሑፍንም እይው። በሊኒየር ሲደባለቅ ነጭ ፊደል ጥቁር ላይ ይወፍራል፣ ጥቁሩ ነጭ ላይ ይሳሳል። «ቂ»ን ከ«ቄ» የሚለየው እግሩ ጫፍ ላይ ያለው ቀለበት ነው። በትንሽ መጠን ፊደሉ ሲወፍር ቀለበቱ ይደፈናል። እኔ የምሠራው የሚነበብ ነገር ነው።

የደንበኛ ጉዳይም አለ። ፎቶሾፕ ላይ ነጭ ጀርባ ላይ የተጣለ 50 በመቶ ጥቁር ጥላ 128 ሆኖ ጸድቋል። አፍተር ኢፌክትስ (የቪዲዮ ማቀናበሪያው) ውስጥ የሊኒየር ድብልቁን ሳበራ 188 ሆኖ ይገረጣል። ምን ልበለው?

ኮምፖዚተሯ፦ ኦፓሲቲውን፣ ማለትም የጥላውን ድፍንነት፣ 78 በመቶ አድርገው፤ 128 ገደማ ይመለስልሃል። 8 ቢቱም መልስ አለው፤ የፊልም ኢፌክት ድርጅቱ ኢንደስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ በ2003 ኦፕን ኢኤክስአር የተባለውን የምስል ፋይል ዓይነት ለሁሉም ሲለቅ፣ ባለ 16 ቢት ተንሳፋፊ ቁጥር (ባለ ነጥብ አሃዝ) ይዞ ነው የመጣው። ከነጭ (ከ1) በላይ ያለ ብርሃን አይቆረጥም። የመኪና ፋና 20 ብሎ ከተመዘገበ፣ በሞሽን ብለር (በእንቅስቃሴ ድብዘዛ) ተስቦም ያበራል። አንተ ጋ 1 ላይ ተቆርጦ ሲሳብ የሞተ ግራጫ ጭረት ይሆናል።

እስቲ ንጹሕ ቀይና ንጹሕ አረንጓዴ አጠገብ ለአጠገብ አድርገህ አደብዝዛቸው። በጋማ መገናኛቸው 128፣ 128፣ 0 ነው፦ ጭቃ የመሰለ ጥቁር መስመር። በሊኒየር 188፣ 188፣ 0 ይሆናል፤ መስመሩ ይጠፋል። የተቆረጠ ምስል ጠርዝ ላይ ጥቁር ክር አየሁ የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ ይሄው ነው ያጋጠመው።

ዲዛይነሩ፦ ስለ ብለሩ አሳምነሽኛል። ጥላው ላይ ግን አልተስማማንም። መሃሉን 128 አመጣሽው፤ ለስላሳው ጠርዝስ? ጥላው በግማሽ በሳሳበት ቦታ የኔው 191 ነው፣ ያንቺው 205 ገደማ። ደንበኛው የለመደው ጥላ አይደለም። ቅርጹ ተለውጧል።

ደግሞ ሊኒየር ካበሩ በኋላ ሁሉ ነገር የተስተካከለ የሚመስላቸው አሉ። ኖርማል ማፕና ራፍነስ ማፕ፣ ማለትም የገጽታን አቅጣጫና ሻካራነት የሚነግሩት ምስሎች፣ ቀለም አይደሉም፣ መረጃ ናቸው። ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ፕሮግራም ላይ «ነን ከለር» (ቀለም ያልሆነ) ካልተባሉ ጋማቸው ይፈታል፤ ብረቱ ከታሰበው በላይ ያብለጨልጫል።

ኮምፖዚተሯ፦ እሱ እውነት ነው፤ በየቴክስቸሩ (በየገጽታ ምስሉ) ማየት ግዴታ ነው። ለጠርዙ ደግሞ መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው። ብርሃን ያለበትን ሁሉ፣ ብለሩን፣ ግሎውን (የብርሃን ፍካቱን)፣ ጭሱን፣ በሊኒየር ጨርስ። ወደ ኤስአርጂቢ ቀይር። ከዚያ ርዕሱን፣ አርማውን፣ የጸደቀውን ጥላ ከላይ ደርብ።

ዲዛይነሩ፦ ርዕሱ ከጭሱ ኋላ ከሆነስ?

ኮምፖዚተሯ፦ ያኔ ርዕሱም የትዕይንቱ አካል ነው፤ በሊኒየር ይገባል። ፊደሉን ቀጠን ባለው ፎንት አዘጋጀው፣ «ቄ» መነበቧንም በመጨረሻው መጠን አረጋግጥ።

ዲዛይነሩ፦ ይህን እቀበላለሁ። «ሥራ ሁሉ» የሚለውን ግን አሁንም አልፈርምም።