ሀውስ ሙዚቃ አድራሻ አለው

የአዲስ አበባን የቅዳሜ ማታ ፖስተሮች የሚያይ ሰው «ዲፕ ሀውስ»፣ «አፍሮ ሀውስ»፣ «ቴክ ሀውስ» የሚሉ ስሞችን አያጣም። ስሞቹ ከየት እንደመጡ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም። «ስሙ ምን ያደርጋል? ዋናው መጨፈሩ ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። በዚህ አልስማማም። ከእነዚህ ስሞች ጀርባ ሰዎች አሉ። ስሙን እንደፈለግን ስንለጥፈው የሚረሱት እነሱ ናቸው።

ሀውስ የሚባለው፣ በኤሌክትሮኒክ ማሽን የሚሠራው የጭፈራ ሙዚቃ የሚጀምረው ቺካጎ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1977 ሳውዝ ጄፈርሰን ጎዳና፣ ቁጥር 206 ላይ «ዌርሃውስ» የሚባል ጭፈራ ቤት ተከፈተ። ባለቤቱ ሮበርት ዊሊያምስ ፍራንኪ ነክልስ የሚባል ወጣት ዲጄ ከኒውዮርክ አስመጣ። ወደዚያ ይመጣ የነበረው ሰው አብዛኛው ጥቁርና ላቲኖ፣ ብዙዎቹም የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ነበሩ። ይህን ዘልሎ የሀውስን ታሪክ መናገር አይቻልም። ሌላ ቦታ ፊት የሚነሳው ሰው ነው እዚያ እስኪነጋ ሲጨፍር የሚያድረው።

በዚያው ከተማ፣ ጁላይ 12 ቀን 1979 ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ስቲቭ ዳል የተባለ ዲስኮን የሚጠላ የሬዲዮ አቅራቢ ሰዉን «የዲስኮ ሸክላ ይዛችሁ ኑ» ብሎ ኮሚስኪ ፓርክ ስታዲየም ጠራው። በሁለት የቤዝቦል ጨዋታዎች መሃል የተሰበሰበው ሸክላ በፈንጂ ጋየ። ተመልካቹ ሜዳውን ወረረ፤ ሁለተኛው ጨዋታም ቀረ። ቪንስ ሎውረንስ ያን ማታ እዚያው ስታዲየም የሚሠራ ጥቁር ታዳጊ ነበር። ሰዉ ይዞት ከመጣው ሸክላ ብዙው ዲስኮ እንኳ እንዳልነበረ፣ የጥቁር ሙዚቀኞች ሥራ ስለሆነ ብቻ እንደመጣ በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል። ይኸው ልጅ በ1984 ከጄሲ ሳውንደርስ ጋር «ኦን ኤንድ ኦን»ን ሠራ። ብዙዎች ለገበያ የወጣ የመጀመሪያው የሀውስ ሸክላ የሚሉት እሱን ነው።

ትልልቆቹ የሸክላ ኩባንያዎች ከዲስኮ ሲሸሹ ነክልስ አሮጌዎቹን ዘፈኖች በቴፕ እየቆረጠና እየቀጠለ ያስረዝማቸው ጀመር። ሰዎችም የሰሙትን ፍለጋ ወደ ሸክላ ሱቅ ይሄዳሉ። በሰፊው እንደሚነገረው፣ «ኢምፖርትስ ኤትሴትራ» የተባለው የቺካጎ ሱቅ እነዚህን ሸክላዎች «በዌርሃውስ የሚሰማ» ብሎ ለይቶ ይሸጥ ነበር። ውሎ አድሮ ስሙ አጠረና «ሀውስ» ብቻ ቀረ። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ናቸው፤ የወሎ ቦታ ስምም ናቸው። «ጋራጅ» የሚባለው የጭፈራ ሙዚቃ ስምም እንዲሁ ኒውዮርክ ውስጥ ኪንግ ጎዳና ላይ ከነበረው፣ ዲጄ ላሪ ሌቫን እስከ 1987 ካጫወተበት ጭፈራ ቤት ከፓራዳይዝ ጋራጅ የመጣ ነው።

እኔ ከሁሉም የምወደው «አሲድ» የሚባለውን የሀውስ ዓይነት ታሪክ ነው። የጃፓኑ የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያ ሮላንድ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቲቢ 303 የሚባል ትንሽ ማሽን አወጣ። ጊታር የሚለማመድ ሰው ቤዝ የሚያጅበው ቢያጣ ይህ ይተካል ተብሎ ነበር። ድምፁ ግን ቤዝ ጊታርን ጭራሽ አይመስልም። ገዢ አጣ፤ ምርቱም ብዙ ሳይቆይ ቆመ። ያገለገሉት በርካሽ ይሸጡ ጀመር። ዲጄ ፒየር፣ ስፓንኪና ኸርብ ጄ የተባሉ የቺካጎ ወጣቶች አንዱን አገኙ። ማሽኑ እየተጫወተ ሳለ ማዞሪያዎቹን ማዟዟር ያዙ። ድምፁ ይንጫጫል፣ ይጎረብጣል፣ እንደገና ይሟሟል። የቀዱትን ሚውዚክ ቦክስ በተባለው ጭፈራ ቤት ለሚያጫውተው ዲጄ ለሮን ሃርዲ ሰጡት። ፒየር እንደሚያስታውሰው መጀመሪያ ሲጫወት ሰዉ መድረኩን ለቆ ወጣ። ሃርዲ ደገመው። ሠለሰው። አራተኛው ላይ ቤቱ ተቀወጠ። ሥራው ገና ሸክላ ሳይሆን ጨፋሪው ራሱ «የሮን ሃርዲ አሲድ ትራክ» ይለው ጀመር። በ1987 ሲታተምም ስሙ «አሲድ ትራክስ» ሆነ።

ስሙን ያወጣው ሻጭ አይደለም። እዚያ ያላበው ሰው ነው።

ዲትሮይትም የራሷን ስም በራሷ ልጅ አገኘች። በ1988 እንግሊዝ ውስጥ የዲትሮይት ሙዚቀኞች ስብስብ ሊታተም ሲል የታሰበለት ርዕስ «የዲትሮይት ሀውስ ድምፅ» የሚል ነበር። ሁዋን አትኪንስ ለስብስቡ ያቀረበውን ሥራ «ቴክኖ ሚውዚክ» አለው። የአልበሙም ርዕስ «ቴክኖ»ን ይዞ ተቀየረ። አትኪንስ ባይኖር ዲትሮይት እስካሁን የቺካጎ ቅርንጫፍ ተብላ ትጠራ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሚያናድደኝ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። የቺካጎውን ሙዚቀኛ ላሪ ኸርድን ውሰዱ። በ1986 የወጣው «ካን ዩ ፊል ኢት» ዛሬ ዲፕ ሀውስ ለምንለው መሠረት ነው። ኪቦርዱ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ ቤዙ ከሥር ይንከባለላል። ደስታና ሐዘን አንድ ላይ ይሰማሉ። አሁን አንድ የሙዚቃ መተግበሪያ ከፍታችሁ «ዲፕ ሀውስ» በሉ። የሚመጣላችሁ ብዙውን ጊዜ ካፌ ውስጥ ወሬ የማይረብሽ፣ ለስለስ ያለ ፖፕ ነው። ኸርድን እዚያ ለማግኘት ብዙ መፈለግ ያሻል። ገንዘቡም ከስሙ አልተለየም። ኸርድና ድምፃዊው ሮበርት ኦውንስ የቀድሞ ሥራዎቻቸውን መብት ለማስመለስ በ2020 ሥራዎቹን ያሳተመውን የቺካጎ ኩባንያ ትራክስ ሬከርድስን ከሰሱ። መብቱ የተመለሰላቸው በ2022 በስምምነት ነው፤ ሥራው ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ።

«አፍሮ ሀውስ» የሚለው ስምም አይዋጥልኝም። አፍሪካ አንድ ሰፈር አይደለችም። ጎም የደርባን ወጣቶች ሙዚቃ ነው፤ ደረቅ፣ ጨለማ፣ ልብ የሚመታ። አማፒያኖ ከጆሃንስበርግና ከፕሪቶሪያ ዙሪያ የተነሣ ነው፤ ይዝናናል፣ ፒያኖውን ያስቀድማል። ሁለቱም ሀውስን ያውቁታል፣ ግን ልጆቹ የየራሳቸውን ስም ሰጥተዋቸዋል። እነዚህን አንድ ላይ ጠቅልሎ «አፍሮ» ማለት ለፖስተር ይመቻል እንጂ ለሠሪዎቹ አይመችም።

እኛም ጋ ስሙን ለሌላ ያልተወ ሰው አለ። «ኢትዮጵያን ሬከርድስ» በሚል ስም የሚታወቀው እንደገና ሙሉ ማሲንቆንና ክራርን ከኮምፒውተር ድምፅ ጋር እያዋሃደ ይሠራል። ሥራውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ጠራው። ደግ አደረገ። ቀድሞ ባይጠራው ሌላ ሰው ሌላ ሳጥን ውስጥ ይከተው ነበር።

ስለዚህ ለአዲስ አበባ የፓርቲ አዘጋጆችና ዲጄዎች አንድ ልመና አለኝ። ጎም የሚጫወት ከሆነ ፖስተሩ ላይ «ደርባን» ብላችሁ ጻፉበት። አሲድ ከሆነ በመሃል ማይኩን አንሡና የፒየርን፣ የስፓንኪን፣ የኸርብ ጄን፣ የሮን ሃርዲን ስም ጥሩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከበሮውም አይቆምም።